ከመዶሻ ወደ ሚዛን፤ በአማኑኤል አካባቢ ስለ ብስክሌት ጥገና መሣሪያዎች ታሪክ አጭር ጥናት

መግቢያ

በአዲስ ከተማ፣ በቅዱስ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው፣ ይህ ሥፍራ ሸቀጥ ብቻ የሚሸጥበት ሳይሆን የእጅ ሙያም የሚሠራበት ነው። ቆርቆሮ ይታጠፋል፣ በርሜል ይቀደዳል፣ አሮጌ ብረት እንደገና መልክ ይይዛል። እኛ ከዚህ ሰፊ የሙያ ዓለም አንዲት ጠባብ ነገር መርጠናል፤ ይኸውም የብስክሌት መጠገኛ መሣሪያ ነው። ከብስክሌቱም ክፍሎች መካከል የፊቱን እግር የሚይዘውን ሹካ፣ በተለይም ሞላና ዘይት ያለበትን አዲሱን ሹካ እንመለከታለን።

ለዚህ ጥናት ያነሳሣን አንድ ትንሽ ነገር ነው። በሰፈሩ አንድ ወጣት ባለሙያ ባለ ዘይት ሹካ ሊፈታ ሲታገል አየን። ሹካው እንቢ ባለው ጊዜ መዶሻውን አነሣ፤ የሚያብረቀርቀውን የውስጥ ቧንቧም በፒንሳ ያዘ። ሹካው በመጨረሻ ተፈታ፤ ታጥቦም ተገጠመ። ነገር ግን ፒንሳው በቧንቧው ላይ ጭረት ትቶ ነበርና ዘይቱ ብዙም ሳይቆይ በዚያች ጭረት በኩል ይወጣ ጀመር። ባለሙያው ሰነፍ አልነበረም፤ የተጠቀመባቸውም መሣሪያዎች በመንደሩ ብዙ ዘመን በታማኝነት ያገለገሉ ናቸው። እንግዲህ ጥፋቱ ከምን መጣ? የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ወደ መሣሪያዎቹ ታሪክ መመለስ ግድ ሆነብን። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጠውን በየሥፍራው እናመለክታለን።

ከብስክሌት በፊት የነበረው የመሣሪያ ሣጥን

ብስክሌት ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት የብረት ሥራ አልነበረንም ማለት አይቻልም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውንና ጦሩን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ወናፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠትና መስፍ ነበሩት። እነዚህ አራት መሣሪያዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሁሉም በእጅ ጉልበትና በዓይን ግምት የሚሠሩ ናቸው። ብረቱ መቅላቱን የሚያውቀው ዓይን ነው፤ ምቱ መብቃቱን የሚያውቀው ክንድ ነው። በቁጥር የሚለካ ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ባለሙያው በሙያው ይናቅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ መከልከላቸው፣ ስድቡ ምን ያህል የተስፋፋ እንደ ነበረ ራሱ ይመሰክራል። ንቀቱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ለጥናታችን የሚጠቅመው ውጤቱ ይህ ነው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ሲተላለፍ ኖረ እንጂ በጽሕፈት አልተመዘገበም።

ከዚህ ቀጥሎ የውጭ መሣሪያ በብዛት የመጣው በባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ ከፈረንሳዮች ጋር ስለ መጣ የፈረንሳይኛ ቃላትን ይዞ ገባ፤ ለገሃር የሚለው ስም እስከ ዛሬ የሚነገር ምስክሩ ነው። የብስክሌቱ ቃላት ግን ከሌላ በር ገቡ።

በቃላት ውስጥ የተቀመጠ ታሪክ

የኢጣልያ ጦር በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው የከተማውን ነዋሪ በዘር ለመለየት ባወጣው ዕቅድ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ለአገሬው ሰው የተለየ ገበያ ሠራ። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ገበያ ማለት የሆነው የኢጣልያንኛ ቃል ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንኮራበት ታላቅ ገበያ የተተከለው ሕዝቡን ለማራቅ በታሰበ ሐሳብ ነበር ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ገበያው በዚያው ቀረ፤ ሕዝቡም የራሱ አደረገው።

በመሣሪያውም ረገድ የሆነው ይኸው ነው። በአማኑኤል አካባቢ ብስክሌት ከሚጠግን ሰው አጠገብ ቆሞ የሚያዳምጥ ተማሪ፣ ሳያስበው የአምስቱን ዘመን ቋንቋ ይሰማል። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ሞላ፤ ከመሣሪያውም ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ሊማ፣ ኪያቤ፤ ከብሎኑ ጋር ዳዶ፣ ከቅባቱም ግራሶ፤ ጎማ የሚለጥፈውም ሰው ጎሚስታ። እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። አንዳንዶቹም ከመንገዱ ወጥተው ሌላ ትርጉም ይዘዋል፤ ለምሳሌ ሰንሰለት የሆነው ካቴና በእስረኛ እጅ ላይ የሚገባው ብረት ስም ሆኖ ቀርቷል።

በአንጻሩ ግን አንዳንድ ነገሮች የቀድሞ ስማቸውን እንደ ያዙ ናቸው። መዶሻው መዶሻ ነው፤ ጉጠቱም ጉጠት ነው። የብስክሌቱም የፊት እግር በሹካ ስም ሲጠራ እንሰማለን፤ ይህ ቃል ደግሞ ከዓረብኛ ወገን የመጣ ነው። ስለዚህ በአንዲት የጥገና ሣጥን ውስጥ የቀጥቃጩ፣ የነጋዴውና የወራሪው ቋንቋ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ከነፃነት በኋላም በአገሩ የቀሩ ኢጣልያውያን መካኒኮች ስለ ነበሩ፣ በእነርሱም ጋራዥ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ይሠሩ ስለ ነበር፣ ቃላቱ ይበልጥ ሥር ሰደዱ። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሙያን በመደበኛ ትምህርት ማስተማር ቢጀምርም፣ ብስክሌት ጠጋኙ በአመዛኙ የተማረው በመንገድ ዳር፣ ከታላቁ እጅ ነው።

የቀጥተኛው ሹካ ዘመን

በዚያ ዘመን የነበረው ብስክሌት ሹካው ሞላ የሌለው፣ ከብረት ቧንቧ የተሠራ ነበር። ለእርሱ ጥገና የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። የእግሩን ዳዶ የሚፈታ ኪያቤ፣ የመሪውን አንገት የሚፈታ ትልቅ ቁልፍ፣ የታጠፈ ሹካ የሚያቃና ሞርሳና መዶሻ፣ በአንገቱ ውስጥ ላሉት ትናንሽ የብረት ኳሶች ግራሶ፤ ይኸው ነው። ብረት ቢታጠፍ ይቃናል፣ ቢሰበር ይበየዳል።

ችግር የነበረው በቁልፉ ልክ ላይ ነው። የእንግሊዝ ብስክሌቶች፣ ለምሳሌ ራሌ፣ ብሎናቸው በኢንች አሠራር የተሠራ ስለ ነበር በሚሊ ሜትር የተሠራው የኢጣልያ ቁልፍ በትክክል አይገጥማቸውም ነበር። ዘግይቶ ከቻይና የመጣው ፎኒክስ ደግሞ የእንግሊዙን አሮጌ መልክ የተከተለ ነው። ባለሙያው ለዚህ ያገኘው መፍትሔ አፉ የሚሰፋና የሚጠብ አንድ ቁልፍ ነበር። ልኩ ባይገጥምም በጉልበት ይሠራል፤ የዳዶው ማዕዘን ቢበላም በሊማ ይስተካከላል።

የጎደለውን መሣሪያ የሚሞላው ደግሞ ምናለሽ ተራ ነው። ቆራሌው ከየቤቱ የሰበሰበው ብረት እዚያ ደርሶ ሌላ ሕይወት ያገኛል። ከመኪና ሞላ መሮ፣ ከውኃ ቧንቧ ረጅም የቁልፍ እጀታ፣ ከአሮጌ ሊማ ቢላዋ ይወጣል። ስለዚህ የአማኑኤል ባለሙያ መሣሪያ ገዝቶ የሚሠራ ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን ራሱ የሚፈጥር ነው። ይህን እንደ ድህነት ምልክት ብቻ የሚያዩ አሉ፤ እኛ ግን ራሱን የቻለ የጥበብ ሥርዓት ነው ብለን እናምናለን።

ይህ ሥርዓት ለብስክሌት ስፖርትም ያለው ድርሻ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ስትካፈል፣ ይኸውም በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ዛሬም በባሕር ዳር ሜዳማ መንገድ ብስክሌት የብዙ ሰው እግር ነው። ብስክሌት ባለበት ሁሉ የጠጋኝ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑም ለረጅም ጊዜ በዚሁ በመዶሻና በኪያቤ ሥርዓት ኖሯል።

ሞላ ወደ ሹካው የገባበት ሁኔታ

ብስክሌትን ከመንገድ ንረት ለመጠበቅ የተደረገው ሙከራ አዲስ አይደለም። ስታርሌ በእንግሊዝ አገር በ1885 እ.ኤ.አ. ሮቨር የተባለውን፣ ሁለቱ እግሮቹ የተመጣጠኑትን ብስክሌት ከሠራ በኋላ፣ በ1888 እ.ኤ.አ. ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ አስመዘገበ። በእርግጥ የብስክሌት የመጀመሪያው የተሳካ ሞላ ይህ አየር ነው። በሞተር ብስክሌት በኩል ደግሞ ቢ.ኤም.ደብሊዩ በ1935 እ.ኤ.አ. አንዱ ቧንቧ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትና በዘይት የሚረግብ ሹካ ለገበያ አቀረበ። ይህ አሠራር ወደ ተራራ ብስክሌት በሰፊው የተላለፈው ከግማሽ መቶ ዘመን በኋላ ነው፤ ፖል ተርነር የተባለ አሜሪካዊ በ1989 እ.ኤ.አ. ሮክ ሾክስ በሚል ስም የመጀመሪያውን ሹካውን ለሽያጭ አወጣ። በኢጣልያም በ1949 እ.ኤ.አ. በቦሎኛ የተቋቋመው ማርዞኪ የሞተር ብስክሌት ሹካ ሲሠራ ኖሮ ወደ ብስክሌቱ ገባ።

ወደ እኛ አገር ገበያ ከመጡት ባለ ሞላ ብስክሌቶች መካከል ርካሾቹ በውስጣቸው የተጠቀለለ የብረት ሞላና የፕላስቲክ ቀለበት ብቻ ያላቸው ናቸው። እነዚህን የአማኑኤል ሣጥን ያለ ችግር ይችላቸዋል፤ ተፈትተው፣ ተጠርገው፣ ግራሶ ተቀብተው ይገጠማሉ። ውድ የሆኑት ግን በብረት ሞላ ፈንታ የታመቀ አየር፣ ለማርገቢያም ዘይት አላቸው። ያ ወጣት ባለሙያ የገጠመው ከነዚህ አንዱን ነበር።

በቤት ውስጥ ለሚደረገው ጥገና የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች

የዚህን ሹካ አሠራር በአጭሩ እንግለጽ። ሁለት የተወለወሉ የውስጥ ቧንቧዎች በሁለት የውጭ እግሮች ውስጥ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። በውጭው እግር አፍ ላይ አቧራ ጠራጊና ዘይት ከልካይ የሆነ የጎማ ቀለበት አለ፤ ከሥሩም ዘይት የጠጣ የስፖንጅ ቀለበት ይቀመጣል። በእግሩ ታች ያለው ጥቂት ዘይት ማለስለሻ ነው። አቧራ ሲገባ ይህ ዘይት ጭቃ ይሆንና ቧንቧውን እንደ ሊማ ይፍቀዋል። ስለዚህ አንዳንድ ሠሪዎች በየ50 ሰዓት ግልቢያ የታችኛው እግር ተፈትቶ እንዲጠረግ ያዝዛሉ።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፤ ልካቸው የተለያየ ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች፣ የጎማ ወይም የፕላስቲክ መዶሻ፣ አሮጌውን የጎማ ቀለበት የሚፈነቅል ጠፍጣፋ ነገር፣ አዲሱን ቀጥ አድርጎ የሚያስገባ ቧንቧ መሰል መግፊያ፣ ዘይት የሚለካ ሲሪንጅ፣ ንጹሕ ጨርቅና አልኮል፣ የዘይት መቀበያ ሳህን፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ በመጨረሻም መለኪያ ያለው የሹካ ፓምፕ።

የሥራውም ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። አስቀድሞ አየሩን ከነፍሱ ማስወጣት ግዴታ ነው፤ የታመቀ አየር ያለበትን ሹካ የሚፈታ ሰው ዓይኑን ለአደጋ ያጋልጣል። ከዚያ በእግሮቹ ታች ያሉት ብሎኖች ሦስት አራት ዙር ብቻ ይላላሉ። ሙሉ በሙሉ ሳይወጡ በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታባቸው የውስጡ ዘንግ ይለቃል። ብሎኖቹ ወጥተው እግሩ ወደ ታች ሲሳብ አሮጌው ዘይት ይፈስሳል። የጎማ ቀለበቱ ተነሥቶ ቦታው በአልኮል ይጸዳል፤ ቤንዚን ጎማውን ሊያበላሽ ስለሚችል አይመከርም። ስፖንጁ በአዲስ ዘይት ርሶ ይገባል፤ አዲሱ ቀለበት ይገፋል። እግሩ ተመልሶ ከተጋጠመ በኋላ በታችኛው ቀዳዳ በሠሪው የታዘዘው ዘይት፣ በብዙዎቹ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሊትር የሚሆን፣ በሲሪንጅ ይጨመራል። ብሎኑ በልኩ ይጠብቃል፤ አየሩም ይሞላል።

አንባቢ ልብ ይበል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ጉልበት የሚጠይቅ አንድም ነገር የለም። ሥራው የሚጠይቀው ልክ ነው፤ የዘይት ልክ፣ የማጥበቂያ ልክ፣ የአየር ልክ። በመግቢያችን ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለናል። የአማኑኤል ሣጥን የተሠራው ስሕተትን ለሚታገሥ ብረት ነው፤ ይህ ሹካ ግን ስሕተትን አይታገሥም። ቧንቧው አንዴ ከተጫረ አይቃናም፤ በሊማም አይስተካከልም።

የአዲስ አበባ ከፍታ የሚያመጣው ተጨማሪ ነገር

በመጽሐፍ የተጻፈው መመሪያ ሁሉ ለባሕር ጠረፍ አገር የታሰበ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በቆላማ አገር ፋብሪካ የተገጠመ ሹካ በታችኛው እግሩ የዚያን አገር አየር ይዞ ይመጣል። እዚህ ሲደርስ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ የተያዘው አየር ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሹካውም ያለ ምክንያት የደረቀ ይመስላል። ይህን የማያውቅ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይፈታዋል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ጠርዙ ያልተሳለ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በጎማ ቀለበቱና በቧንቧው መካከል በጥንቃቄ ሲገባ፣ ትርፉ አየር ተንፍሶ ሹካው ይለሰልሳል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በከፍታ ላይ የምንኖር እኛ ልንጽፈው የሚገባን ነው።

ልክ ከወዴት ይገኛል?

እንግዲህ የአማኑኤል ባለሙያ ይህን ሁሉ መሣሪያ ከውጭ ማስመጣት አለበት ወይ? እኛ አይደለም እንላለን፤ ምክንያቱንም አንድ በአንድ እናቀርባለን።

የጎማ ቀለበቱን የሚያስገባው መግፊያ ልኩ የተመረጠ ለስላሳ አፍ ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቢሆን ይበቃል፤ ይህን ምናለሽ ተራ አይነፍግም። የጎማ መዶሻ ከመኪና ጎማ ቁራጭ ይሠራል። ሲሪንጅና አልኮል በየመድኃኒት ቤቱ አሉ፤ ሲሪንጁ አንድ ሚሊ ሊትር እንኳ ሳያዛባ ይለካል።

የማጥበቂያ ልክ የሚያሳየው ቁልፍ ውድ ነው። ነገር ግን ሥራው ኃይልን በርቀት ማባዛት ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ ብሎን 7 ኒውተን ሜትር ይጠብቅ ተብሎ ቢታዘዝ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር የቁልፍ እጀታ ጫፍ ላይ 35 ኒውተን፣ ማለትም 3 ኪሎ ተኩል ያህል መሳብ ያስፈልጋል። ይህን የሚለካ መሣሪያ በመርካቶ ሞልቷል፤ ዕቃ አንጠልጥሎ የሚመዝን የሞላ ሚዛን ነው። ሚዛኑን በእጀታው ጫፍ አስሮ ወደ ጎን፣ ከእጀታው ጋር ቀጥተኛ ማዕዘን ሠርቶ መሳብ ብቻ ነው። ነጋዴው በርበሬና ቡና በሚመዝንበት ሚዛን ባለሙያው ብሎን ሊመዝን ይችላል።

ምትክ የሌለው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ የሹካው ፓምፕ። የሹካው አየር ቤት ጠባብ ስለ ሆነ ፓምፑ በአንድ ምት ጥቂት አየር ብቻ እየገፋ ከፍ ያለ ግፊት መድረስ አለበት። የሹካው ነፍስ ከመኪና ጎማ ነፍስ ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ወደ ጎሚስታው መጭመቂያ መሄድ ያማልላል፤ ይህ ግን አደገኛ ነው። ያ መሣሪያ ለሰፊ ጎማ የታሰበ ስለ ሆነ ጠባቧን ቤት በቅጽበት ከልክ በላይ ሊሞላት፣ የውስጡን ጎማ ሊቀድና የገላቢውን ሕይወት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ይህ ፓምፕ መገዛት አለበት። ለአንድ ሰው ቢከብድ ጎረቤት የሆኑ ባለሙያዎች በዕቁብ መልክ አንዱን በጋራ ሊገዙት ይችላሉ፤ በየቀኑ የሚፈለግ አይደለምና።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ያየነው ታሪክ አንድ መሥመር ይከተላል። ማሽን ይመጣል፤ የመሣሪያ ሣጥኑ ግን አብሮት አይመጣም። የአማኑኤል ሰው ሣጥኑን ራሱ ይሠራል፤ ቃሉንም ከየትም ቢሆን ወስዶ የራሱ ያደርጋል። ወራሪው ትቶት የሄደውን ገበያና ቋንቋ የእንጀራ መሣሪያ ያደረገ ሰፈር፣ ለዘይትና ለአየር ሹካ የሚያንስ አይደለም።

አሁን የጎደለው ብረት አይደለም፤ ብልሃትም አይደለም። የጎደለው በቁጥር የተጻፈ ልክ ነው። ልክ ደግሞ በታላቁ እጅ ብቻ አይተላለፍም፤ ክንድ 5 ሚሊ ሊትርን ከ15 አይለይም። መጻፍ አለበት። ባለሙያውን በሙያው የናቀው የድሮው ልማድ ዕውቀቱ በወረቀት እንዳይሰፍር አድርጎታል፤ ዛሬ ዋጋውን የሚከፍለው ያ ወጣት ነው። የዘይቱ መጠን፣ የማጥበቂያው ኃይልና የአየሩ ግፊት በአማርኛ፣ ባለሙያው በሚናገራቸው ቃላት፣ ካቻቢቴውን ካቻቢቴ ብሎ፣ በአንዲት ገጽ ወረቀት ተጽፎ በየሱቁ ግድግዳ ቢለጠፍ ብዙ ቧንቧ ከጭረት ይድናል። ይህን ለመጻፍ ከመምህራንና ከተማሪዎች የቀረበ ሰው የለም። ሚዛኑ በመርካቶ አለ፤ ብዕሩ በእኛ እጅ ነው።